አንድ ዓይን ያላት፦ የዳና ሞትና የ«ዘ ኤል ወርድ» ተመልካቾች

እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2006 እሁድ ማታ ነው። በአሜሪካ ከተሞች ብዙ ሴቶች በየጓደኞቻቸው ሳሎንና በየቡና ቤቱ ተሰብስበዋል። ቴሌቪዥኑ ላይ የሾውታይም ቻናል ተከፍቷል። «ዘ ኤል ወርድ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ሦስተኛ ሲዝን ላይ ደርሷል፤ የዛሬው አሥረኛው ክፍል ነው። ዳና ሆስፒታል ተኝታለች። አሊስ አጠገቧ ናት። ለአፍታ ወጣ ትላለች። ስትመለስ ሐኪሞች ዳና ላይ ተረባርበዋል።

ዳና አለፈች።

ዳና በድራማው ውስጥ የተፈጠረች ገጸ ባሕሪ ናት። ለቅሶው ግን የእውነት ነበር። ተመልካቾቹ አለቀሱ፣ ቀጥለው ተቆጡ፤ ቁጣው ደግሞ በዓመታትም አልበረደም። ዛሬም ድራማውን የሚያውቁ ሴቶች ሲገናኙ ወሬው ዞሮ ዞሮ እሷ ላይ ያርፋል። አንድ ገጸ ባሕሪ ሞተች ተብሎ ይህ ሁሉ ለምን ሆነ? የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ይሄ ነው። ያን ክፍል ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሁለተኛውን ያየሁት ለዚህ ጽሑፍ ብዬ ነው፣ ያኔም ቀላል አልሆነልኝም። (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ድራማውን ገና ልታዩት ያሰባችሁ ካላችሁ ደግሞ መጨረሻውን ጭምር እንደማወራ ቀድሜ ልንገራችሁ።)

ቃሉ

«ዘ ኤል ወርድ» ማለት «በኤል የሚጀምረው ቃል» ማለት ነው። ቃሉ «ሌዝቢያን» ነው። ርዕሱ ራሱ አፍ ሞልቶ ስለማይጠራ ነገር ያወራል።

እዚህ ላይ እኛም ብንሆን ብዙ የምንለው የለንም። በአማርኛ ሴትን ስለምታፈቅር ሴት ለመናገር ስነሳ እጄ ላይ ያሉት ቃላት ወይ የቤተ ክህነት ናቸው ወይ የፍርድ ቤት። ሁለቱም ቃሉ ሳያልቅ ፈርደው ይጨርሳሉ። በእኛ አቆጣጠር የ1996ቱ የወንጀል ሕግም በአንቀጽ 629 ነገሩን በእስር የሚያስቀጣ ወንጀል አድርጎታል። የሰው ኑሮ ለማውራት የሚመች፣ የቤት ውስጥ ቃል አላገኘሁም። ስለዚህ «ሌዝቢያን» የሚለውን እንዳለ እወስዳለሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ቃል ነው፤ ቢያንስ ስድብ ሆኖ አልተወለደም።

ድራማውን የፈጠረችው ኢሌን ቼይከን ከሚሼል አቦትና ከካቲ ግሪንበርግ ጋር ሆና ነው። ቼይከን ሐሳቡን መጀመሪያ ስታቀርብ አልተሳካላትም። በኋላ ሾውታይም በ2000 መጨረሻ ስለ ጌይ ወንዶች ሕይወት አንድ ድራማ ጀመረና ተመልካች እንዳለ ታየ። ያኔ በሩ ተከፈተ። «ዘ ኤል ወርድ» ጃንዋሪ 18 ቀን 2004 ተጀመረ። ማርች 2009 እስኪያልቅ ድረስ ስድስት ሲዝን፣ 70 ክፍል ሄዷል። ታሪኩ የሚካሄደው ሎስ አንጀለስ፣ ዌስት ሆሊውድ ሰፈር ነው። ቀረጻው ግን በአብዛኛው ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ጓደኛሞች አሉ። ጠዋት ጠዋት «ዘ ፕላኔት» የሚባል ካፌ ተገናኝተው ቡና ይጠጣሉ፣ ሰው ያማሉ፣ ይጣላሉ፣ ይታረቃሉ። ቡና ላይ የሰፈሩን ነገር ሁሉ ማንሳትና መጣል ለእኛ እንግዳ አይደለም። ቤት የምትባለው ሴትና ቲና አብረው የሚኖሩ ናቸው፣ ልጅ ይፈልጋሉ። ሼን ጸጉር ሠሪ ናት፣ አንድ ቦታ ልቧ አይረጋም። ጄኒ ደራሲ ናት። አሊስ ጋዜጠኛ ናት፤ ግድግዳዋ ላይ ሰሌዳ ሰቅላ ማን ከማን ጋር እንደነበረ በመስመር ታያይዛለች። መስመሩ ሲበዛ የሸረሪት ድር ይመስላል።

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ በፊት አልነበረም። ሌዝቢያን ገጸ ባሕሪ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ብቅ ትል ነበር፣ ግን የሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ እንግዳ ሆና ነው። ኮሜዲያኗ ኤለን ዲጀነረስ በ1997 በራሷ ኮሜዲ ውስጥ ማንነቷን አውጥታ ተናገረች። በዓመቱ ኮሜዲው ተቋረጠ። አንዷ ስታዝን ሌላዋ የምትስቅበት፣ አንዷ ስታጠፋ ሌላዋ የምትቆጣበት፣ የጓደኛሞች ቡድን ሙሉውን ታሪክ የያዘበት ድራማ ግን ይሄ የመጀመሪያው ነው። ያኔ አብሮት የቆመ ሁለተኛም አልነበረም። ይህን ያዙልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ዳና

ዳና ፌርባንክስን የተጫወተችው ኤሪን ዳንኤልስ ናት። ዳና የቴኒስ ተጫዋች ናት። ሜዳ ላይ ጎበዝ፣ ከሜዳ ውጪ ግን እግርና እጇ የሚጠላለፍባት፣ የምትደነግጥ፣ ውሸት የማይሆንላት ልጅ። የድራማው ሳቅ ግማሹ ከእሷ ነው የሚመጣው። ሌላው ግማሽ ከአሊስ፣ ማለትም ከሌይሻ ሄይሊ። ሁለቱ አንድ ትዕይንት ላይ ሲገናኙ ሰው ፊቱ መፍታት ይጀምራል።

መጀመሪያ ላይ ዳና ማንነቷን ደብቃ ነው የምትኖረው። ፍርሃቷ ከሜዳ የመጣ ነው። የቴኒስ ተጫዋቿን ቢሊ ጂን ኪንግን ያየ ሰው ዳና ለምን እንደምትፈራ ይገባዋል። ኪንግ በ1981 ከሴት ጋር የነበራት ግንኙነት በፍርድ ቤት ክስ ምክንያት አደባባይ ሲወጣ ስፖንሰሮቿን በአጭር ጊዜ አጥታለች። የዳና ወኪልም ዝም በይ ይላታል። ዝግጅት ሲኖር ከጎኗ የሚቆም ወንድ አለ፣ የሜዳ አጣማሪዋ። ሰው ዓይቶ የመሰለውን ይበል ነው ነገሩ።

ከዚያ ላራ የምትባል ምግብ አብሳይ ትመጣለች። ዳና ወደደቻት፣ ግን ላራ ሴት ትውደድ አትውደድ እርግጠኛ አይደለችም። ጓደኞቿ ተሰብስበው ይሄዱላትና ልጅቷን በዓይናቸው ይመረምሯታል፤ ጫማዋን፣ ጥፍሯን፣ አረማመዷን። ነጥብ ይሰጣሉ፣ ይከራከራሉ። ፍርዱ አልጨበጥ ይላል። በመጨረሻ ላራ ራሷ የልብስ መቀየሪያው ክፍል ድረስ መጥታ ዳናን ሳመቻትና ጥርጣሬውን ቆረጠችው። ዳና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ይህን ትዕይንት የሚያውቁ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያስታውሱት ይስቃሉ። እኔም።

ዳና ቀስ በቀስ ከመደበቂያዋ ትወጣለች። ለወላጆቿ ትናገራለች፣ በቀላሉ አይቀበሏትም። መኪና የሚሠራው ሱባሩ ኩባንያ ማንነቷን ሳይደብቅ ማስታወቂያ ያሠራታል። ይሄኛው ከአየር ላይ የተወሰደ አይደለም፤ ሱባሩ በእውነተኛው ዓለምም ከ1990ዎቹ ጀምሮ ለሌዝቢያን ደንበኞች ማስታወቂያ ሲሠራ ነበር፣ የቴኒስ ተጫዋቿን ማርቲና ናቭራቲሎቫንም በ2000 ማስታወቂያው ላይ አውጥቷታል። በሁለተኛው ሲዝን ደግሞ ዳናና አሊስ ይዋደዳሉ። ተመልካቹ ሲጠብቀው የነበረ ነገር ነው። ሦስተኛው ሲዝን ሲጀምር ተለያይተዋል፤ ዳና ወደ ላራ ተመልሳለች። አሊስ በካርቶን የተሠራ፣ በቁመቷ ልክ የሆነ የዳና ምስል ቤቷ አቁማ ትብሰለሰላለች።

ከዚያ ዳና ጡቷ ላይ እባጭ ታገኛለች።

ከእባጩ እስከ ሞቱ ያለው ጊዜ ጥቂት ክፍሎች ብቻ ነው። ቀዶ ሕክምና፣ ኬሞ፣ ቁጣ። ዳና ከላራ ጋር የነበራትን ትቆርጣለች፣ መታዘን አትፈልግም። አልጋዋ አጠገብ የምትቀረው የቀድሞዋ፣ አሊስ ናት። ፍቅሩ አልቆ ወዳጅነቱ ሲቀር ምን እንደሚመስል እንዲህ አድርጎ ያሳየ ድራማ ብዙ አላየሁም። ተስፋ ያለ ይመስላል። ከዚያ አሥረኛው ክፍል ይመጣል።

ቀብሩ

ስለ ሞቱ ብዙ ተጽፏል። እኔን ግን የያዘኝ በሳምንቱ የመጣው ቀብሩ ነው።

የኛን ቀብር አስቡት። የሟች የሕይወት ታሪክ ይነበባል። መቼ እንደተወለደ፣ የት እንደተማረ፣ ምን እንደሠራ፣ ማንን አግብቶ ስንት ልጆች እንዳፈራ። ለቀስተኛው ቆሞ ይሰማል። ሁላችንም የምናውቀው ነገር አለ፤ የሚነበበው ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል፣ እውነቱ ሁሉ ግን አይነበብም።

የዳናም ቀብር እንዲሁ ነው። ወላጆቿ ያዘጋጁት ነው። የሃይማኖት አባቱ ተነስቶ ስለ እሷ ይናገራል። የሚስላት ዳና ትዳር ሳታገኝ የተቀጨች፣ የሚሆናትን ወንድ ሳታገኝ የሄደች ልጅ ናት። ጓደኞቿ አግዳሚው ላይ ተደርድረው ይሰማሉ። ካሜራው ፊታቸውን አንድ በአንድ ያሳያል። እዚያ ቦታ እንዲህ ስትባል የሰሙት ልጅ እነሱ የሚያውቋት ዳና አይደለችም። ሦስት ዓመት ሙሉ ቀስ በቀስ የወጣችበትን ጉድጓድ ሞታ ሳለ መልሰው እያስገቧት ነው።

አሊስ አልቻለችም። ተነሳችና ዳና ሌዝቢያን ነበረች ብላ ተናገረች። በለቅሶ መሐል፣ በቤተሰብ ፊት። ብልግና ሊባል ይችላል። ለእኔ ግን ከተነበበው የሕይወት ታሪክ ውስጥ የጎደለውን መስመር ነው ያነበበችው።

ከዚያ ጓደኛሞቹ ከተቃጠለው አስከሬኗ አመድ ሰርቀው ይወጣሉ። መኪና ነድተው ዳና ትወደው ወደነበረ ፏፏቴ ይሄዱና እዚያ ይበትኑታል። ቤተሰብ የቀበራትን ቀበረ፤ እነሱ ደግሞ የሚያውቋትን ሸኙ። ያን ፏፏቴ ሳይ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ እንባዬ የመጣው ሆስፒታሉ ላይ ሳይሆን እዚህ ነው።

እንግዲህ ይህን ቀብር የጻፉ ሰዎች የሚሠሩትን የሚያውቁ ሰዎች ናቸው። ታዲያ ሰው ለምን ተቆጣባቸው?

ለምን ተቆጡ

የጸሐፊዎቹን ወገን መጀመሪያ ልያዝ። የጡት ካንሰር የእውነት ነው። ወጣት ሴቶችንም ይገድላል። ታማሚዋ ሁልጊዜ ድና የምትነሳበት ታሪክ ብቻ ብንጽፍ ውሸት ይሆናል። ዳና ስፖርተኛ ናት፣ ሰውነቷ እንጀራዋ ነው፤ በሽታው እሷ ላይ መምጣቱ ያማል፣ ድራማ ደግሞ የሚያም ቦታ መንካት አለበት። ይሄ ክርክር ትክክል ነው። ዝም ብዬ ላልፈው አልችልም።

ሞትን እንዴት እንደሚጻፍም ያውቁ ነበር። ከዓመት በፊት፣ በሁለተኛው ሲዝን፣ የቤትና የእህቷ የኪት አባት ታመው ሞተዋል። አባትየውን የተጫወቱት አንጋፋው ኦሲ ዴቪስ ናቸው። ሽማግሌው ልጃቸው ከሴት ጋር መኖሯን እስከ መጨረሻው አልተቀበሉም። ልጅ አባቷን ታስታምማለች፣ ትጠብቃለች፣ ያቺን አንዲት ቃል ሳትሰማ ትሸኛለች። እኛ አገር ስንት ቤት ውስጥ ያለ ታሪክ ነው፣ ጉዳዩ ሌላም ቢሆን። ዴቪስ በፌብሩዋሪ 2005 አረፉ፤ እነዚያ ክፍሎች ሲተላለፉ በሕይወት አልነበሩም። ከሞቱ በኋላ ለኤሚ ሽልማት ታጭተውበታል። በዚያ ሞት ማንም አልተቆጣም። ሞቱ ለታሪኩ የሚመጥን ነበር።

የዳና ለምን ተለየ? መልሱን አንድ ተረት ይነግረኛል፦ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም።

ሌሎች ሴቶች ሌላ ዓይን ነበራቸው። አንድ ድራማ ውስጥ ባል ያላት ሴት ብትሞት፣ ቻናሉን ሲቀይሩት ሌላዋ ታገባለች፣ ሌላዋ ትወልዳለች፣ ሌላዋ ታረጃለች። ሌዝቢያን ተመልካች ግን ሪሞቱን ይዛ ወዴት ትሂድ? ከዚህ ድራማ ውጪ የነበሩት ጥቂት ገጸ ባሕሪያት ደግሞ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ይሞታሉ። በ2002 በአንድ ታዋቂ ተከታታይ ውስጥ ታራ የምትባል ገጸ ባሕሪ ከፍቅረኛዋ ጋር በታረቀች ማግስት በጥይት ተገድላለች። ተመልካቹ ይህን ቆጥሯል። «ዘ ኤል ወርድ» ሲመጣ የተነፈሰው እንደዚህ ዓይነት ሞት የማይመጣበት ቤት ያገኘ መስሎት ነው። አዲሱ ቤት ውስጥ የመጀመሪያዋ ሟች ደግሞ በጣም የምትወደደዋ ሆነች። በጣም የምታስቀዋ። ከመደበቅ እስከ መውጣት ያለውን መንገድ ሁሉ በዓይናችን ፊት የሄደችው።

በእኔ እምነት ስህተቱ ሞቱ ራሱ አይደለም። አንደኛ፣ ቸኮሉ። አንድ ሙሉ ሲዝን ሊወስድ የሚገባውን በሽታ በጥቂት ክፍል ጨረሱት። ሁለተኛ፣ ሳቁን ይዛ የሄደችውን የሚተካ ነገር አላሰቡም። ከዳና በኋላ ድራማው ሚዛኑ ጠፋበት። አሊስ አጣማሪዋን አጣች። ዳና ከሞተች በሁለት ሳምንቷ፣ የሲዝኑ መዝጊያ ላይ፣ ሼን እጮኛዋን ካርሜንን በሠርጓ ቀን ጥላት ጠፋች። ተመልካቹ ሐዘኑን ሳይጨርስ ሌላ ተጨመረበት። ከዚያ ወዲያ ድንጋጤ ልማድ እየሆነ መጣ። የመጨረሻው ሲዝን በጄኒ ሞት ተከፈተ፣ መዋኛ ገንዳ ውስጥ። ማን ገደላት ተብሎ ስምንት ክፍል ተሄደ። ማርች 2009 ድራማው አለቀ፣ መልሱ አልተሰጠም።

አንድ ዓይን የመሆኑ ነገር ሌሎችም ቦታ ላይ ይታያል። ማክስ የሚባለው ትራንስ (ሴት ተብሎ ተወልዶ እንደ ወንድ የሚኖር) ገጸ ባሕሪ በሦስተኛው ሲዝን ገባ። እሱም በጊዜው ለብዙ ትራንስ ተመልካቾች ብቸኛው ነበር። ጓደኛሞቹ ገፉት፣ ድራማውም አብሮ ገፋው። በእሱ የተከፉት ሰዎች ቅሬታ ከዳና ሐዘንተኞች ቅሬታ ጋር አንድ ሥር አለው።

ከዚያ በኋላ

የዳና ዘመን ተመልካቾች ቁጣቸውን የሚያሰሙበት መንገድ ጠባብ ነበር። በአሥር ዓመቱ፣ በማርች 2016፣ ሌክሳ የምትባል ሌላ ገጸ ባሕሪ በሌላ ድራማ ውስጥ ከፍቅረኛዋ ጋር በሆነች ማግስት በተባራሪ ጥይት ስትሞት ነገሩ ተቀይሮ ነበር። አድናቂዎቿ ተቆጥተው ብቻ አልቀሩም። ራስን ከማጥፋት ወጣቶችን ለሚታደግ ድርጅት ከ100,000 ዶላር በላይ አሰባሰቡ። የድራማው አዘጋጅም በጽሑፍ ይቅርታ ጠየቀ። ጸሐፊዎች ይህን ጥያቄ ከዚያ ወዲህ ሳይሰሙ መጻፍ አይችሉም። የሌክሳ ሰዎች ከዜሮ አልተነሱም። ከእነሱ በፊት ዳናን የቀበሩ ሴቶች ነበሩ።

«ዘ ኤል ወርድ» ራሱም ተመልሶ መጣ። በዲሴምበር 2019 «ጄነሬሽን ኪው» በሚል ስም፣ በማርያ ሉዊስ ራያን አዘጋጅነት። ቤትን የምትጫወተው ጄኒፈር ቢልስ፣ ሼንን የምትጫወተው ኬት ሞኒግና ሌይሻ ሄይሊ በቀድሞ ቦታቸው ተመለሱ። ሦስት ሲዝን ሄደና በ2023 ተቋረጠ። አዲሶቹን ወጣት ገጸ ባሕሪያት ብዙም አልወደድኳቸውም፣ ያን ለሌላ ቀን ልተወው። እኔ የተከታተልኩት የድሮውን ዕዳ እንዴት እንደሚከፍሉ ነበር።

ማክስ ተመልሶ መጣ፣ ቤተሰብ ያለው ሰው ሆኖ። ሼን ደግሞ ቡና ቤት ከፈተች። ስሙን «ዳናስ» አለችው፣ የዳና ቤት። ጓደኛሞቹ ከሥራ ሲወጡ የሚገናኙት እዚያ ነው። ልክ ድሮ «ዘ ፕላኔት» ላይ እንደሚገናኙት። ስሟ በየክፍሉ ይጠራል፣ እንደ ሐዘን ሳይሆን እንደ አድራሻ፤ ዳናስ እንገናኝ፣ ዳናስ ነኝ።

በሦስተኛው ሲዝን፣ በ2022፣ ኤሪን ዳንኤልስ ራሷ መጣች። ዳና ከሞተች አሥራ ስድስት ዓመት ሆኗታል። አሊስ አርጅታለች ባንልም ጠና ብላለች፣ የራሷ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አላት፣ በፍቅር ግን አሁንም አልተሳካላትም። ዳና ለእሷ ብቻ ትታያታለች። ይቀመጣሉ፣ ያወራሉ። ያኔ ሆስፒታል ውስጥ አሊስ ለአፍታ ወጣ ብላ ያመለጣትን ወሬ ነው የሚያወሩት። ሁለቱም ይስቃሉ። እኔም እንደ ድሮው ፊቴ ተፈታ።